እህቴን የጻፍኩበት ደብተር

ስማችሁ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያውቃል? አስተማሪ በሌለበት ሰዓት የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ ይነሳና ከላይ «የረበሹ» ብሎ ያሰምራል፤ ከሥሩ የእናንተን ስም ያስቀምጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከጎኑ «×2» ይጨምርበታል። ወይስ ጻፊዎቹ እናንተ ነበራችሁ?

እኔ ጻፊ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከስብሰባ ወጥቼ ወደ ክፍሌ ስመለስ ልጆቹ እንዲህ ያለ ዝርዝር ጽፈው ጠበቁኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የማስተምረውም ልጅ ሆኜ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ እዚሁ ጉለሌ ነው። ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ገና አልደረቀም። የረጠበ ጠመኔ ሽታ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ የነካው የኖራ ግድግዳ ይመስላል። ከዝርዝሩ ግርጌ አንድ ስም አጠገብ «×7» ተጽፏል። የክፍል አለቃዋ በኩራት፣ «ቲቸር፣ አሁን እኮ ስምንት ሆኗል» አለችኝ። ሽታውና ቁጥሩ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ዳስተሩን አነሳሁ።

ዝርዝሩን አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁት ግን ለልጆቹ አላስረዳሁም፤ ማስረዳት እንደምወድ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ፣ ያን ቀን ግን አቃተኝ። ስለዚህ እዚህ ላስረዳ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እህቴ ቤዛም አራተኛ ክፍል ነበረች። መንታ አይደለንም፤ በአንድ ዓመት ተኩል ትበልጠኛለች። አራተኛን ወድቃ ስትደግም ደረስኩባትና አንድ ክፍል ተመደብን። ለታላቅ ይህ ቀላል ውርደት አይደለም። መስከረም ላይ፣ የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ስንደርስ፣ «ማሂ፣ አንቺ ቅደሚ። አብረን የመጣን አታስመስዪ» አለችኝ። ቀደምኩ። ዞር ብዬ ሳያት የሹራቧን እጅጌ ጫፍ እየጎለጎለች ቆማ ነበር።

ቤታችን ቀጨኔ ነው፤ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል የሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ። አባዬ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ጎማ ይለጥፋል፤ እማዬ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክላለች። ከቤት ትምህርት ቤት የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ከቤዛ ጋር ከሆነ ግን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚያውቅ አልነበረም። ሸክላ የምትሠራዋ ሴትዮ ደጃፍ ላይ ጭቃውን ልንካ ብላ ትቆማለች። ለታሰረ በግ ስም ታወጣለታለች። ሦስት ወሬ በአንድ ጊዜ ጀምራ አንዱንም ሳትጨርስ «ውይ፣ ደብተሬ!» ብላ ወደ ቤት ትሮጣለች። ደብተሩን ልታመጣ ሄዳ ያለ ደብተሩ የተመለሰችበት ቀን አለ፤ በጉን ሳትሰናበተው መቅረቷን አስታውሳ ነው።

ያን ጊዜ በጣም ያሳቀችኝ ሰው እሷ ነበረች። በጣም ያስጨነቀችኝም እሷው።

የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር ደምሴ ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ካፖርታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ አማርኛ የሚያስተምሩን ሽማግሌ። ጥቅምት ላይ በር ላይ እማዬን አግኝተው፣ «ልጅቷ ደደብ አይደለችም። ትኩረት ነው የሚያንሳት» ሲሏት ሰማሁ።

ይህን እንዴት እንደተረዳሁት ልንገራችሁ። በዚያው ወር ጎረቤታችን ደም ያንሳታል ተብላ በየቀኑ ቀይ ሥር ትበላ ነበር። ታዲያ ትኩረትም እንደ ደም ሰውነት ውስጥ የሚኖር፣ አንዱ ላይ የሚበዛ አንዱ ላይ የሚያንስ ነገር መሰለኝ። ለእኔ ሞልቶ ተርፎኛል፤ ለእሷ ጎድሏል። ከዚያ ወዲህ የእኔን ድርሻ ቀይ ሥር ወደ እሷ ወገን ስገፋ ከረምኩ።

«ምን ሆነሻል? ትወጂ አልነበር?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺ ያንስሻል።»

«ምኑ?»

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

በላች። ምንም አልተለወጠም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቲቸር ደምሴ የክፍል አለቃ አደረጉኝ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ ጽሑፌ ይነበባል፣ አልዋሽም። የረበሸ የሚጻፍበትን ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማህሌት፣ ለእህቴ ብለሽ እንዳታዳዪ» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ቤዛም አብራ ሳቀች። እኔ ግን እንደ መሐላ ያዝኩት።

ሥራው ግልጽ ነው። የረበሸ ይጻፋል፤ ማታ ስንወጣ ወረቀቱ ለቲቸር ይሰጣል። ለእኔ ግን ይህ አልበቃኝም፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀደዳል። ስለዚህ የራሴን ደብተር ገዛሁና በማስመሪያ ዓምድ ሠራሁ፤ ቀን፣ ክፍለ ጊዜ፣ ስም፣ ያደረገው ነገር። አራቱን ሠርቼ ስጨርስ በገጹ ቀኝ በኩል ቦታ ተረፈኝ። ባዶ ቦታ አልወድም። አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩና «ክፍሉ ምን እየሠራ ነበር» አልኩት። እንዲህ እያልኩ እጽፍ ነበር፦

«ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። ቤዛ። ዴስክ ሥር ገባች። ንባብ፤ ተራው ሁለተኛው ረድፍ ላይ።»

«ሐሙስ፣ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ። ቤዛ። የሐያትን እርሳስ በመስኮት ወረወረች፤ ተባረረች። ንባብ፤ ተራው ከእኛ ፊት።»

ሌሎች ስሞችም ነበሩበት። የቤዛን ያህል የሚመላለስ ግን አልነበረም።

በክፋት የጻፍኩ እንዳይመስላችሁ። አባዬ የሚሠራበት ቦታ ስሄድ አይቻለሁ፤ የተነፋውን የጎማ ከመነዳሪ በገንዳ ውኃ ውስጥ እያዞረ ይነክራል፣ አረፋ የወጣበትን በጠመኔ ያከብባል። «ቀዳዳውን ሳላይ ምኑን እለጥፋለሁ?» ይላል። እኔም እያከበብኩ ነው ብዬ አምን ነበር። ሁሉንም በሥርዓት ከጻፍኩ አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው አይቶ ይለጥፈዋል።

የሆነው ሌላ ነው። ከእኔ ወረቀቶች ላይ ተገልብጦ ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ወጣ። ጥር ላይ ሁለተኛው። ሁለተኛውን አባዬ ራሱ መጥቶ ፈረመ፤ የጣቱ ቅባት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ሦስተኛው ከመጣ ልጅቷን ትወስዳላችሁ። ለሌሎቹም ማሰብ አለብን» አሉ።

ቤት ስንደርስ አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። «ሦስተኛው ከመጣ ሸኖ እህቴ ጋ ትሂድ። ሱቅ ትርዳት። እዚህ በየቀኑ ከምትዋረድ ይሻላታል።»

«ትምህርቷስ?» አለች እማዬ።

«የቱ ትምህርት?»

ቤዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና የእጅጌዋን ክር ትስብ ነበር። ክሩ እየተተረተረ መጥቶ እጅጌው ክርኗ ጋ ደርሷል። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ቤዛ ዝም ብላ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አስመለሳት። ከዚያ በኋላ ትምህርት ባለበት ቀን ሁሉ፣ ዩኒፎርሟን ስትለብስ ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። ቅዳሜ ደህና ናት፤ እሑድም እስከ ከሰዓት ደህና ናት። እኔ በቀይ ሥሩ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለማንም ሳልናገር ስንት ቀን በእግዚአብሔር ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ።

አሁን ሦስተኛው ወረቀት በእኔ እጅ ላይ እንደሆነ ገባኝ። ሸኖን አላውቃትም፤ ግን በዚያ በኩል የሚሄዱ አውቶቡሶች ሻንጣ ጣሪያ ላይ ጭነው ሲወጡ አይቻለሁ። ማታ ለቲቸር የምሰጠው ወረቀት ላይ የቤዛን ስም መዝለል ጀመርኩ። ደብተሬ ላይ ግን አለመጻፍ አልቻልኩም። ውሸትን በወረቀት፣ እውነትን በደብተር ለያየሁ፤ ሥርዓት ያለኝ መሰለኝ።

ከቤዛ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ሐያት ናት፤ አባቷ አዲሱ ገበያ ሱቅ አላቸው፣ እሷ ደግሞ ከክፍሉ ፈጣኗ አንባቢና ፈጣኗ ምላስ። አንድ ረቡዕ፣ ስሟን ስጽፍ ብድግ ብላ፣ «እኔን አንድ ጊዜ አስነጥሼ ትጽፊያለሽ፤ ቤዛ ግድግዳ ብትወጣ አይታይሽም። ማሂ፣ ብዕርሽ ዘመድ ይለያል እንዴ?» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ድንገት ሲቆም ቲቸር ደምሴ በሩ ላይ ነበሩ።

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አነበቡ። «ማህሌት፣ ምን ነበር ያልኩሽ?» ብቻ አሉ። ከዚያ መጽሐፍ አስወጡንና፣ እንደ ልማዳቸው፣ በተራ ማስነበብ ጀመሩ፤ ከዳር ተነስቶ ዴስክ በዴስክ። ያን ቀን ከእኛ ረድፍ ጀመሩ። ለቤዛ አራት ዴስክ ቀረ፣ ሦስት ዴስክ፣ ሁለት። ከኋላዋ ነበርኩና የቤዛን ትከሻ አየዋለሁ፤ ወደ ጆሮዋ እየወጣ ነበር። ሐያት ቆማ ማንበብ ስትጀምር ቤዛ ዴስኩን ገፍትራ ተነሳች፣ በሩን በርግዳ ወጣች።

«ተዉአት፤ ትመለሳለች» አሉ ቲቸር።

አልተመለሰችም። በዕረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤቱን፣ ከቧንቧው ጀርባ፣ ከዘበኛው ቤት በስተኋላ ፈለግኋት። የለችም። አሁን የምጽፈው ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፦ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ሦስተኛው ወረቀት ይጻፋል፤ ዝም ካልኩ ተመልሳ ትመጣለች፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ የሒሳብ ቁጥሮች እየገለበጥኩ ተቀመጥኩ። ለምሳ ስንለቀቅ ግን እግሬ ራሱ ወደ እማዬ ሮጠ።

እማዬ መርፌው ከነክሩ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ወጣች። አባዬ ከመነዳሪውን ገንዳ ውስጥ ጥሎ መጣ። ታክሲ ተራውን፣ ገበያውን፣ ወንዙን ዳር ዳሩን አዳረስን። እማዬ የምታገኘውን ሁሉ፣ «እጅጌዋ የተተረተረ ሹራብ የለበሰች…» እያለች ትጠይቃለች። አንዳንዱ፣ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ይላል፤ እማዬ መልሳ «እጅጌዋ የተተረተረ» ትላለች።

አሥር ሰዓት ገደማ ከእንጦጦ በሚያወርደው መንገድ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ወገቧ እጥፍ ብሎ፣ ብቅ አለች። ከጎኗ ቤዛ ትንሽ ጭራሮ ታቅፋ ትወርዳለች።

«የማን ናት ይቺ?» አለች ሴትዮዋ ሸክሟን ሳታወርድ። «ጫካው አፋፍ ላይ አገኘኋት። ቁልቁለቱን ሙሉ አፏ አንዴ አላረፈም። ጅብ ቢመጣብን በወሬ ትመልሰው ነበር!»

እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። ሴትዮዋ ግን ልትሄድ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቷ ነሽ? ልጅቷ ፈርታለች። ከምን እንደሆነ ጠይቄያት ወሬ ትለውጥብኛለች» አለቻት።

በዚያ ሳምንት መንደሩ ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። አንዷ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል አስጠምቂያት» ትላለች፤ ሌላው «ጥጋብ ነው፣ በአርጩሜ ይለቃታል» ይላል። እማዬ አርጩሜውን ተወችና፣ «ጸበሉን ጠዋት፣ ሐኪሙን ረፋድ ላይ» አለች።

አባዬ ደነገጠ። «የጭንቅላት ሐኪም ጋ? ልጄን እብድ ልታስብያት ነው?»

«ጎማ ሲተነፍስ አንተ ጋ ይመጣል። ልጅ ስትጨነቅ ጭንቀት የሚያውቅ ሰው ጋ ትሄዳለች። በቃ።»

ቤዛ፣ «ማሂ ካልመጣች አልሄድም» ስላለች እኔም ከትምህርት ቀረሁ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በረጅም አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ተራ ጠበቅን። እዚያ የሚገባ ልጅ ፀጉሩ ተላጭቶ እንደሚታሰር አንድ የክፍል ልጅ ነግሮኝ ስለነበር የቤዛን ሹሩባ አሥር ጊዜ አየሁት። እጄን ይዛለች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የደከማት፣ ግን የማትቸኩል። «እናት፣ የሚብስባት መቼ መቼ ነው?» አለች።

«ሁልጊዜ።»

«ቤት ውስጥስ?»

እማዬ አሰበች። «ቤትማ ትረሳለች፣ ትሰብራለች፣ የጀመረችውን አትጨርስም። ግን ስታስቀኝ ነው የምትውለው። ቤት ውስጥ አትፈራም።»

«ትምህርት ቤትስ፣ ምን ሲሆን ነው የሚጀምራት?»

«እኔ እዚያ የለሁም፣ ዶክተር» አለች እማዬ፣ ጥፋቷ የሆነ ይመስል።

«እኔ አለሁ» አልኩ። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የጠበቅኩት ትልቅ ሰው መጣ፤ በዚያች ደቂቃ ከደስታ በቀር የተሰማኝ ነገር አልነበረም።

ቤዛ ከጎኔ ሆና ተመለከተች። «ምንድን ነው?» አለች። ከዚያ ስሟን አየች። ሐኪሟ ገጹን ስትገልጥ እንደገና አየችው። እንደገና። «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?»

እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች።

ሐኪሟ አስተዋለች መሰለኝ፤ ደብተሩን ዘጋ አድርጋ፣ «ቤዛ፣ ስምሽ ነው ያለበት፤ ባነበው ትፈቅጃለሽ?» አለቻት። ቤዛ ትከሻዋን ሰበቀች። ሐኪሟ ቀስ ብላ አነበበች፤ ጣቷ በአራቱ ዓምድ ላይ አልቆመም፤ አምስተኛው ላይ ቆመና ቁልቁል ወረደ። ንባብ፤ ሁለተኛው ረድፍ። ንባብ፤ ከእኛ ፊት። ንባብ፤ ሐያት እያነበበች።

«ይቺን ዓምድ ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ቦታ ተርፎኝ ነው።»

ወደ ቤዛ ዞረች። «የማንበብ ተራው ወዳንቺ ሲጠጋ ምን ይሆናል?»

እማዬ ልትናገር ስትል ሐኪሟ በእጇ ምልክት አቆመቻት።

«መስመሩ ይጠፋብኛል» አለች ቤዛ በመጨረሻ። «የት እንደደረስን እፈልጋለሁ፤ ስፈልግ ሌላ ነገር አስባለሁ፤ ስመለስ ተራው ቀርቧል። ልቤ እዚህ ይመጣል።» ጉሮሮዋን ነካች። «አምና የተሳሳተ መስመር አንብቤ ሁሉም ሳቁ። ሳላነብ ብባረር ይሻለኛል።»

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስትረብሽ ስጽፋት የከረምኳት እህቴ፣ ሁልጊዜ ተራዋ ሊደርስ ሲል ለመባረር ስትሠራ ነበር። እኔ ደግሞ በጥንቃቄ እየመዘገብኩ አባርራታለሁ።

ሐኪሟ ያለችውን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ አሁን አስተማሪ ሆኜ በየቀኑ የሚያስፈልገኝ ነገር ነውና። የቤዛ ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው ሐሳቧ ሳትፈልግ መሸሹ ነው፤ ይህ የእሷም የእናቷም ጥፋት አይደለም፣ በዱላም አይመለስም። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሐሳቧ ሲሸሽ ትፈራለች፤ ስትፈራ ደግሞ ሐሳቧ ይብስ ይሸሻል። በአንድ ቀን የሚድን አይደለም። በቀጠሮ ትመጣለች፣ ትነጋገራለች፤ መድኃኒት ካስፈለገ ያን ጊዜ ይታያል። እስከዚያው ግን ተራው ድንገት አይድረስባት።

እማዬ ወጥታ ቆመች፤ የምትሄድበትን የረሳች ትመስል ነበር። ቤዛ ከፊታችን ሄደች። አምስት ቀን አላነጋገረችኝም። ቀይ ሥሬን ብገፋላት መልሳ ትገፋልኛለች። በስድስተኛው ቀን ደብተሬን ስከፍት አዲስ ገጽ ላይ በትልልቅ፣ በሚንጋደዱ ፊደላት፣ በእኔው ዓምዶች ውስጥ ተጽፎ አገኘሁ፦

«ረቡዕ። ሐኪም ቤት። ማሂ። ሳትነግረኝ ጽፋኝ ነበር። ×1።»

አምስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ፦ «እጇን ይዤ ነበር።»

እስከ ዛሬ ሰዎች ብዙ ማስተዛዘኛ ጽፈውልኛል፣ ብዙ ቁጣም ጽፈውብኛል፤ እንደዚያ መስመር የቆረጠኝ የለም። ግቢ ውስጥ ልብስ ስትሰቅል አገኘኋትና፣ «ይቅርታ» አልኳት፤ የምጨምረው ብዙ ነበረኝ፣ ማብራሪያ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልወጣም።

መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ፣ «ከአሁን በኋላ ስትጽፊ ታሳዪኛለሽ» አለች።

«እሺ።»

«የተሳሳተ ከሆነ አስተካክለዋለሁ።»

«እሺ።»

«ቀይ ሥሩን ደግሞ ራስሽ ብዪ።»

በማግስቱ እማዬ የሐኪሟን ወረቀትና ደብተሩን ይዛ ቲቸር ደምሴ ፊት ቀረበች። እኔንም አስጠሩኝ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ሦስተኛው ነው፤ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ጫፉ ይታየኛል።

«ወይዘሮ፣ ሃምሳ ስምንት ልጅ አለብኝ» አሉ። «ለአንዷ የራሷን ሕግ ባወጣ ሃምሳ ሰባቱ ምን ይሉኛል?»

«የሚሉዎትን አላውቅም፣ መምህር» አለች እማዬ። ስትፈራ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ ቀጥኖ ነበር፣ ግን አልተቆረጠም። «ልጄ ግን ከእርስዎ ክፍል ወጥታ ጫካ ገብታ ነበር።»

ቲቸር ደብተሩን ሳቡት። መጀመሪያ ለይስሙላ ገለጡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ፊት መጡ። «ሁሉም እኔ ሳስነብብ ነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ስምምነቱ ይህ ሆነ። የምታነበውን ሁለት መስመር ከአንድ ቀን በፊት ይነግሯታል። የቀረውን ገጽ በካርቶን ቁራጭ ትሸፍናለች። ልቧ ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ሳትጠይቅ ዳስተሩን ይዛ ቧንቧው ጋ አጥባ ትመለሳለች። «ትመለሳለች ነው ያልኩት» አሉ ጣታቸውን አንስተው። «አንድ ቀን ወጥታ ብትቀር ይህ ወረቀት ርዕሰ መምህሩ ጋ ይሄዳል። እኔ ዘበኛ አይደለሁም።»

ያን ሰሞን ቤታችን በንባብ ተጨናነቀ። ቤዛ ቁጭ ብላ ማንበብ ስለማይሆንላት በአልጋውና በበሩ መካከል እየተመላለሰች ታነባለች፤ እማዬ አንድ ቁልፍ ተክላ እስክትጨርስ አንድ መስመር። ቤዛ ስትሳሳት እማዬ ቀና አትልም፤ ሌላ ቁልፍ ታነሳለች። አባዬ ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ እስክትለቅለት ይጠብቃል። ስለ ሸኖ ግን ትሄዳለችም ትቀራለችም አላለም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። ንባብ። ተራው ከፊት ተነሳ። ቤዛ ካርቶኗን ገጹ ላይ አድርጋለች፤ ሁለቱን መስመር በቃሏ ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ጠዋት በጉን እያየች ስትላቸው ሰምቻታለሁ። ሦስት ዴስክ ቀረ። ትከሻዋ መውጣት ጀመረ። ሁለት ዴስክ። ተነሳች። ሳትሮጥ ወደ ሰሌዳው ሄደች፣ ዳስተሩን አነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ወጣች።

ከእኔ ቦታ ቧንቧው አይታይም። የሚታየው የክፍሉ በርና ከማዶው የግቢው በር ቁራጭ ነው። ከውጭ ዕቃ የሚያስገቡ ሰዎች ስለነበሩ የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

ተራው ሐያት ጋ ደረሰ። ሐያት፣ አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰው፣ ቆመችና እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። አንድ ቃል ደገመች። ሳለች። እንደገና ደገመች።

«ሐያት፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ጉሮሮዬን ነው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ ኪኪኪ አለ። ሐያት ወደ በሩ አየች፤ እኔን አየችኝ፤ ደግማ ሳለች። ቲቸር ደምሴ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። እዚያው ቆየ። ሐያት የቀራት አንድ መስመር ብቻ ነው። በግቢው በር አንድ ሰው ሲያልፍ አየሁ፤ አጭር ነው፤ እሷ መሰለችኝ፤ አልነበረችም። ሐያት የመጨረሻውን ቃል እየጎተተች፣ እየጎተተች ጨረሰች። ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

በሩ ተገፋ።

ቤዛ እስከ ክርኗ ርሳለች። ከዳስተሩ ነጭ ውኃ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ሰሌዳው ሄዳ አስቀመጠችው። ሃምሳ ሰባት ልጅ ያያታል፤ እንደሚያዩአት ታውቃለች። በዴስኮቹ መካከል አልፋ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ቲቸር ደምሴ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ባዶውን። «ቀጣይ» አሉና ወደኔ ጠቆሙ።

ቆምኩ። መጽሐፌን ገለጥኩ። ቤዛ ግን ቀጥታ ወደኔ ዞረች፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከአፏ ያልሰማሁትን ነገር በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ማሂ፣ የት ደርሰናል?»

በጣቴ አሳየኋት።

ያን ቀን አላነበበችም። ሳምንቱንም አላነበበችም። ግን በወጣች ቁጥር ትመለስ ነበር፤ ሦስተኛው ወረቀትም ሰኔ እስኪመጣ ከካፖርቱ ኪስ ሳይወጣ ታጥፎ፣ ታሽቶ አለቀ።

አሁን ልለምናችሁ። ክፍላችሁ ውስጥ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ስሙ የሚደጋገምባችሁ ልጅ ካለ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይህን ሞክሩ። ልጁ ያደረገውን ከመጻፋችሁ በፊት፣ በዚያች ደቂቃ ዙሪያው ምን እየሆነ እንደነበር ጻፉ፤ ማን እያነበበ ነበር፣ ተራው የት ደርሶ ነበር፣ ማን ስቆ ነበር። ስትጽፉ ግን ከልጁ ተደብቃችሁ አይሁን። ደብተሩን ወደ እሱ አዙሩና ብዕሩንም ስጡት፤ የተሳሳተ ካለ ያስተካክለው።